እመት ሜትር እና የመስኮት ዳር መቀመጫ

ኬክ ቤቱ ውስጥ ሳያቸው የመጀመሪያው ሐሳቤ እግሬ አውጪኝ ማለት ነበር። እመት ሜትር ተንበርክከዋል። ሁለት ፍቅረኛሞች ሻይ በሚጠጡበት ጠረጴዛ ሥር ግማሽ ሰውነታቸውን አስገብተው፣ ሜትራቸውን ከወለሉ እስከ ልጅቷ ጉልበት ድረስ ዘርግተው፣ «እናንተ ተጫወቱ ልጆቼ፤ እኔን የለችም በሉ» ይላሉ። ልጁ የጎረሰውን መዋጥ ረስቷል። ልጅቷ ፎቶ እንደምትነሳ ሰው ቀጥ ብላለች። አስተናጋጁ ደግሞ ምን ይምጣልዎ ይበል ወይስ ዘበኛ ይጥራ ግራ ገብቶት ቆሟል።

ቀስ ብዬ ፊቴን አዞርኩ። የዘገየሁ አልመሰለኝም ነበር።

«አንተ ልጅ!» አሉኝ ከጠረጴዛው ሥር። ሃምሳ ዓመት አልፎኛል፤ ለእሳቸው ግን ዛሬም የእህታቸውን ልጅ ለትዳር ልጠይቅ የመጣሁ ዕለት እንደነበርኩት ነኝ። «በጫማህ አውቄሃለሁ። ና እስቲ፣ እዚች ጋ ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«ተነስ።»

ተነሳሁ።

«አሁን ደግሞ እዚያ ጥግ፣ ጀርባህን ለግድግዳው ሰጥተህ። የቱ ይሻላል?»

«እትዬ፣ እኔ ዳቦ ልገዛ ነው የመጣሁት።»

«ዳቦው የት ይሄድብሃል? የቱ ይሻላል አልኩህ።»

በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለ። አንዱ ይገባና «እንደምን ዋላችሁ» ይላል። ሌላው ይገባና «ይሄን ሶፋ እዚህ ያስቀመጠው ማነው?» ይላል። ይህ ሁለተኛው ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። መጋረጃችሁ ብርሃን እንደሚከለክል፣ አልጋችሁ ፊቱን ያለ አቅጣጫው እንዳዞረ፣ እስከ ዛሬ በሰላም የኖራችሁበት ቤት ለካስ ዋና ጠላታችሁ እንደነበረ ካላስረዳ እህል ውሃ አይቀምስም። በእኛ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ አዝናለሁ፤ ሰውየው እናንተው ናችሁ።

የእኛዋ የባለቤቴ አክስት ናቸው። የሌላው ሰው አመል ነው፤ የእሳቸው አመል ግን ዲግሪ አለው። ዕድሜ ልካቸውን ሕንፃ ሲነድፉ የኖሩ አርክቴክት ናቸው። ሌሎች ሴቶች መስታወት በሚይዙበት የቦርሳ ኪስ ሜትር ይዘው ስለሚዞሩ እመት ሜትር ብለን ሰይመናቸዋል። በሌሉበት ነው የምንላቸው። ግን ያውቃሉ፤ አውቀውም ዝም ማለታቸውን ሳይ ሹመቱን የወደዱት ይመስለኛል።

«እስቲ አንዴ ተነስልኝ» የምትል ነገር አለቻቸው። በዚች ቃል ያልተነሳ ዘመድ የለንም። አንድ ሰርግ ላይ ሙሽሮቹን ከነወንበራቸው አስነስተዋል። ፎቶ አንሺው «እማማ፣ መብራቴን ያስተካከልኩት በዚህ በኩል ነው!» ብሎ ሲጮህ፣ «ሙሽራዋ ከዚህ ሆና እናቷ አትታያትም። አንተ መብራትህን ይዘህ ዙር፤ እናት አትዞርም» አሉት። አሞአቸው ክሊኒክ የወሰድናቸው ጊዜ ደግሞ ሐኪሙን ራሱን አስነሱት። በሽተኛ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ስለ ሕመሙ አያወራም ብለው ወንበሮቹን ካላዞርኩ አሉ። የደም ግፊታቸውን ሊለካ ተነስቶ የነበረው ሐኪም፣ ወንበር ሲገፋ ቆይቶ የራሱን ለካ።

ወደ እኛም ቤት መጥተው የምግብ ጠረጴዛችንን በቁመቱ አዙረውት ሄደዋል። ድሮ ከመቀመጫዬ ሆኜ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይታየኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቴ ያለው ማቀዝቀዣው ነው። ኳስ የማየው በማቀዝቀዣው በር ላይ በሚያንጸባርቀው ነው፤ ግራ እግር ተጫዋቹ ሁሉ ለእኔ ቀኝ ነው። ልመልሰው ብል ባለቤቴ «አክስቴ ያለ ነገር አታደርገውም» አለችኝ። በእኛ ቤት ይህ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው።

እንግዲህ ኬክ ቤት ውስጥ ጥግ ተቀምጬ «ጥጉ ይሻላል» አልኳቸው። ያልኩት እንዲለቁኝ ነው። እሳቸው ግን ፊታቸው በራ፤ ፍቅረኛሞቹን «ተባረኩ» ብለው አሰናበቱና (ሻዩ ገና አላለቀም ነበር) አጠገቤ መጥተው ቁጭ አሉ።

«አየህ? አንተ እንኳ!»

«እንኳ» የምትለዋን ዋጥኳት። ነገሩን አጫወቱኝ። ዩኒቨርሲቲው ግቢው ውስጥ አዲስ የተማሪዎች ሕንፃ ሊያሠራ ነው፤ ምድር ቤቱ መመገቢያ አዳራሽ፣ ፎቁ የክበባት፣ የማንበቢያና የመጨዋወቻ ክፍል። ነዳፊዋ እሳቸው ናቸው። «ከዚህ ወዲያ ጉልበቴ ለሕንፃ አይታዘዘኝም። የመጨረሻዬ ነው» አሉኝ፤ ይህን ሲሉ ሜትሩን እንደ መቁጠሪያ በጣቶቻቸው ያሹት ነበር።

የእመት ሜትር የሥራ ጠባይ ሌላ ነው። ሌላው አርክቴክት መሬቱን አይቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ቢሮው ገብቶ ይነድፋል። እሳቸው ትሪ ይዘው ከተማሪ ጋር ሲሰለፉ ከረሙ። በአሮጌው አዳራሽ ሩዝና ሾርባ እየበሉ፣ ማን ከየት ይገባል፣ የት ይቆማል፣ የት ይቀመጣል እያሉ ሲያዩ ሰነበቱ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የአንዱ ልጅ እናት መሰሏቸው፤ በኋላ ትምህርት ያቋረጡ መሰሏቸው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አዲስ የገቡት ልጆች አሉልህ። ማንንም የማያውቁ። አንዱ ይመጣና በሩ ላይ ይቆማል። ውስጡን ያያል። አዳራሹ ረጃጅም ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ሁሉም ከጓደኛው ጋር ተደርድሮ ይስቃል። ልጁ ስልኩን ያወጣና ጆሮው ላይ ያደርጋል። ‹ሃሎ፣ እሺ፣ መጣሁ› ይላል። ተመልሶ ይወጣል።»

«አንድ ሰው ፈልጎት ይሆናላ።»

«ማንም አልደወለለትም! ስልኩ አልጮኸም፣ መብራት እንኳ አልበራም። ያ ልጅ ምሳውን አልበላም ማለት ነው። በማግስቱም ይመጣል፣ በማግስቱም ያው ነው።»

ለዚህ ልጅ ሲሉ ንድፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የመስኮት ዳር መቀመጫ አስገብተዋል። ትሪ የሚችል ሰፋ ያለ መደርደሪያ፣ አንድ አንድ ሰው የሚይዝ ወንበር፣ ፊት ለፊት ዛፍ። ብቻውን የተቀመጠ ሰው ብቻውን የቀረ ሳይሆን ዛፍ ሊያይ የመጣ ይመስላል። ኮሚቴው ግን አልዋጠለትም። የተማሪዎች ዲኑ (ክቡር ዲን ነው የሚሏቸው) የአንድነት ሰው ናቸው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር! ተማሪ በረጅም ጠረጴዛ እንደ አንድ ቤተሰብ ይብላ። ብቸኝነትን በሲሚንቶ እናበረታታ እንዴ? ደግሞ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ የሚበላ ሰው የተቀጣ ነው የሚመስለው» ብለዋል።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«ድሩም ከማበሩ በፊት እያንዳንዱ ክር መፈተል አለበት አልኳቸው። አልገባቸውም። ነገ የመጨረሻው ስብሰባ ነው። የመስኮቱን ዳር ካላወጣሁ ንድፉን ለሌላ ቢሮ ይሰጡታል። ነገ ሥራ አለህ?»

«አለኝ እንጂ!»

«ደግ። እንግዲያው ረፋዱ ላይ ግቢው በር ጋ እንገናኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው በማግስቱ ከሥራ ቀርቼ ከአሮጌው አዳራሽ ጎን ያለው ሜዳ ላይ የተገኘሁት። ስደርስ ሕንፃው ተሠርቶ አልቋል! ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያ የለውም። ግን ግንበኞች መሠረት ከመቆፈራቸው በፊት እንደሚያደርጉት፣ ሣሩ ላይ በነጭ ኖራ በሙሉ ልኩ ተሰምሯል። እዚህ በር፣ እዚህ የምግብ መቀበያ፣ እዚያ መስኮት። ጠረጴዛና ወንበሩ ከአሮጌው አዳራሽ ተሸክሞ የወጣ ነው፤ መስኮት ዳሩ በሳጥንና በጣውላ ተሠርቷል። እውነተኛ ምሳ በእውነተኛ ድስት ቀርቧል። እመት ሜትር ኮፍያ አድርገው መሀል ላይ ቆመዋል።

«ኮሚቴ ንድፍ ማንበብ አይችልም» አሉኝ። «መብላት ግን ይችላል።»

እኔ የተመደብኩት ለተማሪነት ነው። ትሪ ተሰጠኝና ወደ ምግብ መቀበያው በአቋራጭ ስሄድ ከባድ ጩኸት ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ! በግድግዳ ውስጥ አለፍክ እኮ!» የወጥ ቤቷ ኃላፊ ናት፤ ጭልፋዋን ቀስራብኛለች። ለአፏ በር የሌላት ደግ ሴት ናት። «ተመለስና በበሩ ግባ! እኔ ሾርባ የምሰጠው በሥርዓት ለገባ ነው።»

ተመልሼ በበሩ ገባሁ። የሚገርመው በእኔ ሲስቁ የነበሩት የኮሚቴው መምህራን ሁሉ ለኖራው እንዴት እንደተገዙ ነው። የግንባታ ክፍሉ መሐንዲስ አዳራሹ መሀል ላይ ትልቅ ደረጃ ካልተሠራ ሞቼ እገኛለሁ ያለ ሰው ነው፤ ለምረቃ ፎቶ ያምራል ብሎ። እመት ሜትር ደረጃውን አይወዱትም፤ የሰው መቀመጫ ይበላል ይላሉ። ሆኖም በኖራ አስምረውለታል። መሐንዲሱ ያን መሬት ላይ የተኛ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ከፍ ከፍ ሲያደርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጫፍ ደርሶ ትንፋሽ ሁሉ ወሰደ።

ክቡር ዲኑ ዘግይተው መጡ። ከቢሯቸው በሜዳው አቋርጠው፣ ክራቫታቸው በነፋስ ትከሻቸው ላይ ተሰቅሎ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኛ። ኖራው ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግራ ቀኝ አዩ። አንዲት እርምጃ ቢራመዱ ውስጥ ናቸው። እሳቸው ግን ግድግዳውን ተከትለው ጥጉን ዞሩ፤ ሌላውን ጥግ ዞሩ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን ሣሩ ላይ ጠረግ ጠረግ አድርገው «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ገቡ። የሳቀ የለም። ሁላችንም ግድግዳውን አምነንበታል።

ሩዝና ሾርባቸውን ተቀበሉ። በዚህ ጊዜ ረጅሙ ጠረጴዛ ደርቷል፤ መሐንዲሱ ወሬ ይዟል፣ መምህራኑ ይንከተከታሉ። መሀል ላይ ክፍት ቦታ አለ። ክቡር ዲኑ ከተሾሙ ገና ብዙም አልሆናቸውም፤ አለቃ ሲቀርብ ደግሞ ሳቅ እንደሚቆም ማንም ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው አለቃው ነው። ትሪያቸውን ይዘው ቆሙ። ጠረጴዛውን አዩ። አንድ እግራቸውን አነሱና መልሰው አስቀመጡ።

ከዚያ ትሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው በሌላው ስልካቸውን አወጡና ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«ሃሎ… አዎ… እሺ፣ እሺ…»

ሾርባ ላስጨምር ተሰልፌ ከኋላቸው ነበርኩ። የስልኩ መስታወት ጭልም ያለ ነው። አልጮኸም፤ አልበራም። «እሺ፣ እሺ» እያሉ ወደ መስኮት ዳሩ ሄዱና ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ዛፎቹ አዞሩ። ስልኩን ከሳህኑ ጎን አስቀመጡ። ትከሻቸው ወረድ ሲል ከሩቅ ይታያል። ዘና ብለው በሉ፤ የሾርባውን እንጥፍጣፊ ሳይቀር በዳቦ አወጡት።

ወደ እመት ሜትር ዞር አልኩ። አይተዋል። ከእሳቸው ዓይን የሚያመልጥ ተቀማጭ የለም። አሁን «እስቲ አንዴ ተነሱልኝ ክቡር ዲን!» ይላሉ፤ አሁን ሙሽራ ያስነሳች፣ ሐኪም ያስነሳች ምላስ ዲን ታስነሳለች፤ ክርክሩም በአንዲት ቃል ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ። እመት ሜትር ሾርባቸውን አማሰሉ።

ከምሳ በኋላ ኮሚቴው እዚያው አዳራሹ ውስጥ፣ ማለት ሣሩ ላይ፣ ተሰበሰበ። መሐንዲሱ ጉሮሮውን ጠረገና «እንግዲህ የመስኮት ዳሩ ጉዳይ…» ሲል የወጥ ቤቷ ኃላፊ ቀደመችው።

«ቆይ እስቲ፤ ክቡር ዲን፣ እርስዎ ምነው ብቻዎን በሉ? ከእነዚህ ጋር ተኳርፈዋል እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። ክቡር ዲኑ ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

«የለም… ስልክ ነበረብኝ። አስቸኳይ ስልክ።»

«በምግብ ሰዓት! ማነው እሱ ምሳ የማያስበላዎ?»

ክቡር ዲኑ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ መልሰው ከተቱት። አንድ ትልቅ ሰው በሌለ ግድግዳ ውስጥ መውጫ ሲያጣ ማየት እንዴት እንደሚያስጨንቅ!

«ልክ ናቸው» አሉ እመት ሜትር። «ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጫጫታ ነው፤ የስልክ ድምፅ አይሰማም። እኔም ብሆን መስኮቱ ጋ ነው የምሄደው። ተማሪስ ስልክ አይመጣበትም? እናቱ በምሳ ሰዓት በልተሃል ወይ ብላ ትደውል ይሆናል።»

ክቡር ዲኑ ቀና ብለው አዩአቸው። ረዘም አድርገው አዩአቸው። እንደታዩ ያወቁት ያኔ ይመስለኛል።

«የእናት ስልክ…» አሉ ቀስ ብለው፤ «የእናት ስልክ መነሳት አለበት።»

«እኮ!»

«እንግዲያው የመስኮት ዳሩ ይግባ። የስልክ ማነጋገሪያ መቀመጫ ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

«ደረጃዬስ?» አለ መሐንዲሱ ደንግጦ።

እመት ሜትር ወደ ደረጃው አዩ፤ ለሾርባ በተሰለፈው ሰው እግር ግማሹ ተረጋግጦ ጠፍቷል። ከዚህ ደረጃ ጋር ሲታገሉ መክረማቸውን ኬክ ቤት ነግረውኝ ነበር። ተነፈሱ። «ደረጃህም ይቆይልህ፤ ፎቶ ተነስበት» አሉት።

ወደ በሩ አብረን ወጣን። በኖራው በር ማለቴ ነው፤ አንዴ ለምዶብኛል።

«እትዬ፣ ለምን ዝም አሏቸው?» አልኩ። «ስልኩ እንዳልጮኸ አይተዋል።»

«እኔ ያየሁት ሰው ምሳውን ሲበላ ነው።»

«አንድ ቃል ቢናገሩ እኮ ደረጃውንም ያስቀሩት ነበር!»

«አንተ ልጅ፣ ልሸሽገው የመጣሁትን ሰው ገልጬ ላሳየው እንዴ?» አሉና ሜትራቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

ወደ ግቢው በር ስንሄድ የገዛ አባቴ ትዝ አሉኝ። አባቴ እናቴ ካረፈች ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ጆሯቸው ደከም ስላለ ወሬያችን ያመልጣቸዋል፤ ሁሉም ሲስቅ ዘግይተው ይስቁ ነበር። ቆይቶ «ሬዲዮ ላዳምጥ» እያሉ እራታቸውን ክፍላቸው ውስጥ መብላት ጀመሩ። ጆሮው የደከመ ሰው ምን ሬዲዮ እንደሚያዳምጥ የጠየቃቸው የለም። አሁን ግን አብረውን ይበላሉ። እኔ እየለመዱን ሄደው ነው ብዬ ነበር። ለካስ ጠረጴዛው ከዞረ በኋላ ነው! አሁን መቀመጫቸው ከበሩ አጠገብ ነው፤ ሲፈልጉ ማንንም ሳያስነሱ ይወጣሉ፤ መውጣት ስለሚችሉ ደግሞ ይቆያሉ። የሁላችንም ፊት ፊት ለፊታቸው ነው፤ ከንፈራችንን እያዩ በሰዓቱ ይስቃሉ። አንዳንዴ ከእኛም ቀድመው ይስቃሉ፤ በእኔ ነው መሰለኝ፣ ማቀዝቀዣውን አፍጥጬ ሳይ።

ይህን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ምን ተብሎ ይነገራል? እሳቸውም የግቢውን የዘበኛ ቤት በር በትኩረት ማየት ጀምረዋል፤ ዘበኛው ከወንበሩ ገና ሳይጠሩት ብድግ አለ። ስለዚህ «ሕንፃው ሲያልቅ መጥቼ አየዋለሁ» ብቻ አልኳቸው።

«ና። ምሳ እጋብዝሃለሁ።»

«ደስ ይለኛል እትዬ። አብረን እንበላለን።»

«‹አብረን› ማን አለህ?» አሉኝ፤ ታክሲ ለማስቆም እጃቸውን እያነሱ። «አንተ መስኮቱ ዳር ብቻህን ትበላለህ፤ እኔ ከማዶ ሆኜ አይሃለሁ።»